«ምች ነው» ከመባሉ በፊት፦ አኑሪዝም፣ የዓለሙ ጥናትና የወሎ መንገድ

ወሎ ውስጥ ድንገተኛ ራስ ምታት ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጓሮ ነው። ዳማከሴ ይቀጠፋል። በመዳፍ ይታሻል። ጭማቂው ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል፣ የቀረው ይሸተታል፣ ግንባር ላይ ይቀባል። «ምች ነው፤ ተሸፋፍኖ ላብ ላብ ሲለው ይተወዋል» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም ይተወዋል። አብዛኛው ራስ ምታት ዝም ቢሉትም የሚተው ነውና የዳማከሴ ስም ተከብሮ ይኖራል።

በዳማከሴ ላይ ቂም የለኝም። ስለ አንድ የተለየ ራስ ምታት ግን መነጋገር አለብን። ሰውየው ደህና ውሏል። ጎንበስ ብሎ ጆንያ ሲያነሳ፣ ወይም ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የሆነ ነገር የፈነዳ ይመስለዋል። ሕመሙ ቀስ እያለ አይጨምርም። በሰከንዶች፣ ቢዘገይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። «በሕይወቴ እንዲህ አሞኝ አያውቅም» ይላል። ያስመልሰዋል። አንገቱ ይደርቃል። ብርሃን ያስጠላዋል። አንዳንዱ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ይነቃል።

እንዲህ የሚጀምር ራስ ምታት ሁሉ የፈነዳ አኑሪዝም፣ ማለትም አብጦ የፈነዳ የአንጎል ደም ቧንቧ፣ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ሲመረመሩ ሌላ ነገር ሆነው ይገኛሉ። ግን አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ነው ተብሎ መያዝ አለበት። የሚረጋገጠው ደግሞ ሆስፒታል ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፉት 40 ዓመታት ስለ አኑሪዝም የተሠራው ትልልቁ ምርምር በአብዛኛው የሚያወራው በሽተኛው ትልቅ ሆስፒታል ገብቶ ከተኛ በኋላ ስላለው ነው። ወሎ ላይ ነገሩ የሚበላሸው ግን ከዚያ በፊት፣ ቤትና መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ጥናቶቹን ስናነብ የትኛው እኛ ዘንድ ዛሬ እንደሚሠራ እየለየን ማንበብ ይኖርብናል። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የእኛው ሲሆን ዓ.ም. እጨምራለሁ።)

ቧንቧው ለምን ያብጣል?

አኑሪዝም የምንለው ከልብ ደም ተሸክሞ የሚወጣ ቧንቧ ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ሲሳሳና ወደ ውጭ ሲያብጥ ነው። ያረጀ የባጃጅ ጎማ ጎኑ ላይ ጉብ እንደሚለው ማለት ነው። ጎማው ይሽከረከራል፣ ሰው ያመላልሳል፤ ባለቤቱም ልብ ላይለው ይችላል። አንጎል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያብጠው ከአንጎል ሥር ቧንቧዎቹ ለሁለት የሚከፈሉበት ቦታ ነው። ደሙ እዚያ መገንጠያ ላይ ግድግዳውን ሲመታ ይኖራል፤ በአንድ ሌሊት የሚሆን ነገር አይደለም።

የሚያስደነግጥ ቁጥር ልንገራችሁ። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከ100 አዋቂ ሰዎች 3 ያህሉ አንጎላቸው ውስጥ ያልፈነዳ አኑሪዝም አላቸው። አሁን ደግሞ ላረጋጋችሁ። አብዛኞቹ ሳያውቁት ኖረው በሌላ ምክንያት ይሞታሉ። የሚፈነዳባቸው በዓመት ከ100,000 ሰው ከ6 እስከ 9 ቢሆኑ ነው። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ከሌላው ስትሮክ በተለየ ደግሞ ገና ሥራ ላይ ያለውን፣ በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ያለውን ሰው ያገኛል።

ስለዚህ ምንም ያላመመው ሰው ከፌስቡክ አንብቦ ደንግጦ «ኤም አር አይ ልነሳ» ቢል ገንዘቡን ማባከን ነው። እንዲያውም ትንሽ እብጠት ተገኝቶ፣ ማንም ሊነካው የማይፈልግ ሆኖ፣ ሰውየው ዕድሜ ልኩን በስጋት ሊኖር ይችላል። ጃፓን ውስጥ 5,720 ሰዎችን ተከትሎ በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ያልፈነዳ አኑሪዝም በዓመት ውስጥ የመፈንዳት ዕድሉ በአማካይ ከመቶ አንድ አይሞላም። መጠኑ ሲተልቅና ቦታው ክፉ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ምርመራው የሚያስፈልጋቸው ሰዎችም አሉ፤ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

ከፈነዳ በኋላ

ሲፈነዳ ደሙ የሚፈሰው አንጎልን በከበቡት ስስ ሽፋኖች መካከል ነው። ከሲሶ የማያንሱት ይሞታሉ። ከነሱም የተወሰኑት የሆስፒታል በር ሳያዩ ነው የሚያልፉት። በሕይወት ከተረፉት መካከል ብዙዎቹ እንደ ድሮአቸው አይሆኑም።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ደም መፍሰስ ብቻ አይደለም የሚገድለው። የፈነዳው ቦታ በረጋ ደም ይደፈናል። ያ ድፍን ደካማ ነው። እንደገና የመድማት ዕድሉ ከሁሉ የከፋው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ገዳይ ነው። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ደሙ የአንጎልን ፈሳሽ መውረጃ ሊዘጋው ይችላል። ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ በሽተኛው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ጋደም አለ» ሲል ሰውየው እየሄደ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቀጭን ቱቦ ከትቶ ፈሳሹን ማውጣት ያድናል።

ከዚያ ሌላ ወጥመድ አለ። ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ የአንጎል ደም ስሮች ይኮማተራሉ። ደህና ሆኖ ያወራ የነበረ ሰው በድንገት ግማሽ ጎኑ ይሰንፋል ወይም ይዘባርቃል። ቀዶ ሕክምናው የተሳካ ቢሆን እንኳ ይመጣል። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፣ የሚጥል በሽታ ይነሳል፣ ልብ ሳይቀር ይረበሻል። ለዚህ ነው «ቀዶ ሕክምናው አልቋል፣ ወደ ቤት እንውሰደው» የማይባለው።

ስለ ተረፉትም አንድ ነገር ልበል፤ እምብዛም አይወራምና። ሰውየው ይራመዳል፣ ይበላል፣ እንግዳ ይቀበላል። ሱቁን ሲከፍት ግን የዱቤ ሂሳብ ይጠፋበታል። ቶሎ ይደክመዋል። ድምፅ አይችልም፤ ልጆች ሲንጫጩ ይቆጣል። ሰፈሩ «ደህና ሆኗል፣ ምን ሆንኩ ይላል» ይለዋል። ከዚህ ሕመም የተረፉ ሰዎችን የተከታተሉ ጥናቶች የማስታወስ ችግር፣ ድካምና ድብርት ብዙዎቹን ለዓመታት እንደሚከተላቸው አሳይተዋል። አመል ተለውጦበት አይደለም። በሽታው ነው።

ክሊፕ፣ ጥቅልል ሽቦና አንድ ኪኒን

የአንጎል አኑሪዝምን አንገቱ ላይ በመቆንጠጫ ይዞ የመዝጋት ቀዶ ሕክምና የተጀመረው በመጋቢት 1937 ነው። ዋልተር ዳንዲ የተባለ ሐኪም በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በትንሽ የብር ክሊፕ ዘጋው። ዛሬ ክሊፑ ከቲታኒየም ይሠራል፣ ሥራው በማይክሮስኮፕ ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። የራስ ቅል ይከፈታል፣ እብጠቱ አንገቱ ላይ ይያዛል።

በ1990 ጣሊያናዊው ጊዶ ጉልየልሚ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌላ መንገድ ከፈተ። ከብሽሽት በደም ስር ቀጭን ቱቦ እየተገፋ እብጠቱ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ በጣም ቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ ውስጡ ይጠቀለላል። ደሙ እዚያው ይረጋል፣ እብጠቱ ከዝውውር ውጭ ይሆናል። ራስ ቅል አይነካም።

የትኛው ይሻላል? በ2002 ውጤቱ የወጣውና በአብዛኛው በእንግሊዝና በአውሮፓ ሆስፒታሎች የተደረገው ጥናት 2,143 ሰዎችን በዕጣ ከፋፍሎ አነጻጸረ። ከአንድ ዓመት በኋላ የሞቱት ወይም ሰው ካልረዳቸው መኖር የማይችሉት፣ ክሊፕ ከተደረገላቸው ከ100 ወደ 31፣ ሽቦ ከተደረገላቸው ወደ 24 ሆኑ። ብዙ አገር አሠራሩን የቀየረው ከዚህ በኋላ ነው። ነገር ግን የተመረጡት ሰዎች አብዛኞቹ ሁኔታቸው ሻል ያለ፣ አኑሪዝማቸውም ለሁለቱም የሚመች ነበር። ሽቦ የተደረገለት ሰው እንደገና መታከም የሚያስፈልገው አጋጣሚም ይበዛል። ክሊፕ ጡረታ አልወጣም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የመድኃኒቱ ታሪክ ነው። ያንን ከ4ኛው ቀን በኋላ የሚመጣ የደም ስር መኮማተር ለመከላከል ያልተሞከረ ነገር የለም። ማግኒዢየም ተሞከረ፤ አልረዳም። የኮሌስትሮል መድኃኒት ተሞከረ፤ አልረዳም። ለወላድ መድማት የሚሰጠው ርካሹ ትራኔክሳሚክ አሲድ ሁለተኛውን መድማት ያቆማል ተብሎ ተስፋ ተጣለበት። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ955 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2021 ውጤቱ ሲወጣ የሰዎቹን መጨረሻ አላሻሻለም። የተረፈው ኒሞዲፒን የሚባል አሮጌ ኪኒን ነው። እንግሊዞች በ554 በሽተኞች ላይ ሞክረው በ1989 ባወጡት ጥናት፣ ኪኒኑን የወሰዱት ላይ የአንጎል ጉዳት በሲሶ ቀነሰ። 60 ሚሊግራም፣ በየ4 ሰዓቱ፣ ለ21 ቀን። ሌሊትም ጭምር። ከ30 ዓመት በላይ አልፎም መመሪያዎች ላይ ከፊት ያለው እሱ ነው። (ስሙ የሚመሳሰለው ኒፌዲፒን ሌላ ነው። የፋርማሲ ሰዎች ያውቁታል፤ መድኃኒት ፍለጋ የሚዞር ቤተሰብ ግን «ያው ነው» ብሎ እንዳይቀበል ብዬ ነው።)

አሁን ወደ ራሳችን። ኢትዮጵያ ውስጥ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን በደንብ የተጀመረው በ2006፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ በሽተኛን የሚከፍት እጅ አገር ውስጥ አለ። በክሊፕና በሽቦ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 7 ሰው ነው። ቀላል አይደለም። ነገር ግን በመድረስና ባለመድረስ መካከል ካለው ጋር ሲተያይ እዳው ገብስ ነው።

ከኩታበር እስከ ሲቲ ስካን

አንዲት የኩታበር እናት እንውሰድ። ስም የላትም፤ ምሳሌ ናት። 48 ዓመቷ ነው። ግፊት እንዳለባት አታውቅም። ጠዋት ጀሪካን ስታነሳ ያ ራስ ምታት ይመታታል። ታስመልሳለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች። ጎረቤት ይሰበሰባል። «አብሽሪ» ይላታል፤ ዳማከሴው ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ረገብ ይላል። በማግስቱ አንገቷ ስላላላወሳት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ዲክሎፌናክ ትወጋለች። ይሻላታል። ሁሉም ይደሰታል።

እዚህ ላይ ነው ሁለት ስህተቶች የሚደራረቡት። ሕመሙ በማስታገሻ መተዉ ምንም አያረጋግጥም፤ የደማ አኑሪዝም ራስ ምታትም በማስታገሻ ይቀንሳል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ካናዳ ውስጥ በ3,132 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2011 የወጣ ጥናት አለ። ሕመሙ ከጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ በዘመናዊ ሲቲ ስካን ከተነሱት መካከል ደም የነበረባቸውን ሁሉ መሣሪያው አገኛቸው። አንድም አላመለጠውም። ከ6 ሰዓት በኋላ በተነሱት ላይ ግን ከመቶ 14 ያህሉን አልፏቸዋል። ደሙ እየቀጠነ፣ እየታጠበ ይሄዳል። ቀን በቆየ ቁጥር ምስሉ «ደህና ነች» የማለት ዕድሉ ይጨምራል።

ያችን ሴት በመጀመሪያው ቀን ደሴ ማድረስ ይቻል ነበር። ከኩታበር ደሴ ቅርብ ነው። ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ ጥግ ለመጣ ሰው ግን 6 ሰዓት የቅንጦት ሂሳብ ነው። መንገዱ አለ፣ ክረምት አለ፣ የወረዳው አምቡላንስ ወላድ ይዞ ሄዷል። ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በወሎ ብዙ የጤና ተቋማት፣ የደሴውን ትልቅ ሆስፒታል ጨምሮ፣ መዘረፋቸውንና መጎዳታቸውን የማያስታውስ የለም። መሣሪያ ከእንደገና መግዛት ዓመት ይፈጃል።

ከ6 ሰዓት በኋላ ለመጣ ሰው ግን አንድ ርካሽ ምርመራ ቀርቷል። ከወገብ ፈሳሽ መውሰድ። እኛ ጋ ስሙ ክፉ ነው፤ «ሽባ ያደርጋል» ይባላል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ፊርማ ይከለክላል። መርፌው የሚገባው ግን ዋናው የጀርባ ነርቭ ካለቀበት ቦታ በታች ነው። አሠራሩ ደግሞ ቀላል ነው። ጤናማ ፈሳሽ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ደም ከፈሰሰ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆነው ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ደሙ ከዘቀጠ በኋላ ፈሳሹ፣ ንጹህ ውሃ ካለበት ቱቦ ጎን ነጭ ወረቀት ላይ ተይዞ፣ በዓይን ይታያል። የተሻለ መሣሪያ ያላቸው በመሣሪያ ያነቡታል፤ ነጭ ወረቀት ግን የትም አለ። ቢጫነቱ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። አርፍዶ ለሚመጣው የወሎ በሽተኛ ከየትኛውም ውድ ግኝት ይልቅ ይሄ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ጥቅም አለው። አንገት የደረቀበትና የሚያስመልሰው ሰው ሲመጣ የጤና ጣቢያ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስበው ማጅራት ገትርን ነው። ማሰቡ ትክክል ነው፤ እሱም ይገድላል። ያው ፈሳሽ ሁለቱን ይለያቸዋል። ትኩሳት ከጀመረው ሰውና ሕመሙ በአንድ ቅጽበት ከወረደበት ሰው መካከል ያለውን ልዩነት ሪፈር ወረቀቱ ላይ መጻፍ ብቻ እንኳ ብዙ ይረዳል። «ራስ ምታት» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ወረቀት ተረኛ ሐኪሙን አያስሮጠውም። «በ2 ሰዓት፣ ጀሪካን ስታነሳ፣ በድንገት» የሚል ያስሮጠዋል።

ግፊት፣ ጨውና በርጫ

የዚህ ሁሉ ምርምር ትልቁ ድል ግን ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አልተገኘም። በ2019 የታተመ፣ የብዙ አገር ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ከ1980 እስከ 2010 በዓለም ላይ ይህ ዓይነት የአንጎል መድማት በ40 በመቶ ቀንሷል። ከ100,000 ሰው 10 ገደማ የነበረው ወደ 6 ወረደ። መቀነሱ ከሁለት ነገር ጋር አብሮ ሄደ፦ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ሲወርድና አጫሽ ሲቀንስ። ማስታወቂያ የሌለው፣ ማንም ያላጨበጨበለት ሥራ ነው።

እኛ በማጨስ በኩል ዕድለኞች ነን። በ2016 በአገር ደረጃ በተደረገ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ነበር። ግፊት ላይ ግን ዕድላችን ያን ያህል አይደለም። በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ሰው 16 ያህሉ ግፊት እንዳለበት አሳይቷል። በአማካይ የምንበላው ጨው በቀን 8 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 በታች ይላል። የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ወጡን ይጠረጥራል። ቡናውንም ይጠርጥር። በገጠሩ ብዙ ቤት ቡና በጨው ነው የሚጠጣው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ጠዋትና ማታ። ቡናውን ተዉ ማለት አልችልም፤ ማን ይሰማኛል? ጨዉን ግን ከሲኒው ማውጣት ይቻላል።

በርጫስ? ጫት አኑሪዝም ያመጣል ብሎ በቀጥታ የሚያረጋግጥ ነገር ይዤ አልመጣሁም። የታወቀው ነገር ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ማድረጉ ነው። ግፊት ያለበት ሰው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሲቅም ግድግዳው በየቀኑ ይፈተናል። በርጫ ላይ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ ባያጨስም አጫሽ ነው። እሱ «እኔ አላጨስም፣ ጫት ላይ ብቻ ነው» ይላል። ቧንቧው ይህን አያውቅለትም።

የግፊት ኪኒንን ነገርማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ተለክቶ ከፍ ይላል፣ ይሰጠዋል፣ ለሁለት ወር ይውጣል፣ ይለካል፣ ወርዷል። «ተወኝ» ብሎ ያቆማል። የወረደው በኪኒኑ መሆኑን የነገረው ሰው የለም፤ ወይም ነግሮት አልሰማም።

ሌሎቹ ዘመዶቹ

አኑሪዝም አንጎል ላይ ብቻ አይቀርም። ከልብ ወጥቶ በደረትና በሆድ የሚወርደው ትልቁ ቧንቧም ያብጣል። አልበርት አንስታይን የሞተው በዚህ ነው። በ1948 ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ሐኪም እብጠቱን በሴሎፎን ላስቲክ ጠቀለለለት፤ ያኔ ሌላ መላ አልነበረም። በ1955 ሲፈነዳ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እምቢ ብሎ በ76 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ የሆዱ አኑሪዝም ወንድ ላይ 5.5 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ብዙ ጊዜ በክትትል ይያዛል፤ ከዚያ በታች ቀድሞ መክፈት ዕድሜ እንደማይጨምር ትልልቅ ጥናቶች አሳይተዋል። እንግሊዝ ውስጥ ወንዶች 65 ዓመት ሲሞላቸው አንዴ በአልትራሳውንድ ይታያሉ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ዘመቻ ይደረግ አልልም። ነገር ግን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አልትራሳውንድ በየክሊኒኩ አለ። ለኩላሊትና ለፕሮስቴት የሚታዩ አባቶች በየቀኑ ተኝተውለታል። ተመርማሪው ሆዱን ጄል ከተቀባ፣ መሣሪያውን መሃል ላይ ትንሽ አቆም አድርጎ ቧንቧውን መለካት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ሲፕሮም ልናገር። በታኅሣሥ 2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አስጠንቅቋል፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው የጀርም መድኃኒትና ዘመዶቹ የዚህን ትልቅ ቧንቧ መቀደድና መፈንዳት ሊያባብሱ ይችላሉ፣ አኑሪዝም ላለባቸው ሌላ አማራጭ ካለ አይሰጥ አለ። ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነው። እኛ ጋ ግን ሲፕሮ እንደ ከረሜላ የሚገዛ መድኃኒት ነው። ሆድ ቁርጠት፣ ሲፕሮ። ሽንት ማቃጠል፣ ሲፕሮ። የገዛው ሰው ቧንቧው እንዴት እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ከልጆች ጋር የሚያያዝም አለ። የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ የልብ በር የሚጎዳበት በሽታ በአገራችን ብዙ ነው። በተጎዳው የልብ በር ላይ ጀርም ይሰፍራል። ከዚያ ፍንካች ተገንጥሎ አንጎል ሲደርስ የቧንቧውን ግድግዳ ያበሰብሳል፣ አኑሪዝም ይፈጠራል። ይህ ዕድሜ አይጠብቅም፤ የ15 ዓመት ልጅ ላይ ይመጣል። በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን የሚያቃጥል መርፌ ነው፤ ልጆች ይሸሹታል፣ ወላጅም ያዝናል። መርፌው ግን ልብን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይከላከላል።

ማን ቆጠራቸው?

አንድ አኑሪዝም ይፈነዳ ይሆን ብለው ሐኪሞች የሚገምቱበት የነጥብ መስጫ አለ። በ2014 የወጣ ነው። 8,382 ሰዎች ከተካተቱባቸው ስድስት ጥናቶች የተሠራ ነው። ዕድሜ፣ ግፊት፣ መጠን፣ ቦታ፣ ከዚህ በፊት የደማ ካለ ይጠይቃል። የትውልድ አገርም ይጠይቃል። ለፊንላንዳዊ ነጥብ አለው። ለጃፓናዊ ነጥብ አለው። ለሰሜን አሜሪካና ለሌላው አውሮፓም፣ ነጥቡ ዜሮ ቢሆንም፣ መስመር አለው። ለአፍሪካ መስመር የለውም። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ይህን ቅጽ ለወረባቦ ገበሬ ሲሞላ የትኛውን ይምረጥ?

መስመሩ የጠፋው ስላልተቆጠርን ነው። ወሎ ውስጥ አንድ ሰው በድንገት ወድቆ ሲሞት አስከሬን አይመረመርም። ሙስሊሙ በዕለቱ ይቀብራል፣ ክርስቲያኑም አያቆይም። «ድንገተኛ ነው» ይባላል። «ልክፍት ነው»ም ይባላል። ከዚያው ቤት ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ሰው ሲመታ ደግሞ «በዘራቸው አለ» ይባላል። ይህኛው አባባል የሰፈር ሐሜት ቢመስልም ባዶ አይደለም። ከአንድ ቤት ሁለትና ከዚያ በላይ የቅርብ ዘመድ፣ ማለትም እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ፣ በዚህ ከተመታ የቀሩት የመታመም ዕድላቸው ከሌላው ሰው በግልጽ ይበልጣል። ቅድም ያልኳችሁ፣ ሳያማቸውም ቢመረመሩ የሚጠቅማቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው። ለእነሱ ኤም አር አይው ብክነት አይደለም።

እነዚህን ቤቶች ማን ያውቃቸዋል? ሆስፒታል አያውቃቸውም። ቅሬ፣ የወሎው የቀብር እድር፣ ያውቃቸዋል። ማን መቼ እንደሞተ፣ እንዴት እንደወደቀ፣ ማን እንደቀበረው የቅሬ ሰዎች በቃላቸው ይዘውታል፤ አንዳንዱም መዝገብ አለው። ሟች በምን እንደሞተ ቤተሰብን በመጠየቅ የመገመት ዘዴ ደግሞ አዲስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የተዘጋጀ መጠይቅ አለው። አዲስ አበባ ውስጥም ከ2001 ጀምሮ በየቀብር ቦታው ከሚመዘገብ ስም ተነስቶ ተሠርቶበታል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ደሴ ላይ ነው፤ የመመረቂያ ርዕስ የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች ሞልተውታል። የቅሬ ሊቀመንበሩን ከፊት አስቀድሞ፣ ሐዘኑ ቀለል ሲል፣ ቤተሰቡን መጠየቅ ነው። ራስ ምታቱ በአንድ ጊዜ ነው የወረደበት ወይስ ቀስ ብሎ? አስመልሶት ነበር? ከቀናት በፊት ተመሳሳይ ሕመም መጥቶ ትቶት ነበር? ግፊቱ ተለክቶ ያውቃል? ከዚህ ቤት እንዲህ የሄደ ሌላ ሰው አለ? ለመጨረሻው ጥያቄ «አዎ» ያለ ቤት ስልክ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ የቀሩት ልጆች ግፊታቸው በዚያው ቀን ይለካል።